የምድር ቤቱን በር የያዘችው እትዬ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ሰዎች፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወዳጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ቆማችሁ መዋላችሁን አያለሁ። ፀሐዩም ከብዷል። አላስረዝምባችሁም እላለሁ፤ ግን ጸጉር ቆራጭ ነኝና ቃሌን ብዙ አትመኑት።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የብዙዎቻችሁ ጭንቅላት በእጄ አልፏል። ሱቄ ከእትዬ ቢራ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ። ጠዋት መዝጊያዬን ስከፍት እሷ ደጇን ስትጠርግ አገኛታለሁ። "አደርክ?" ትለኛለች። "አደርኩ፣ አንቺስ?" "እኔማ ምን እሆናለሁ።" እስክትታመም ድረስ ይህችን ሳንባባል የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዛሬ ጠዋት መዝጊያዬን ከፈትኩ። መንገዱን አየሁ። ደጁ አልተጠረገም።

እትዬ የለችም።

ታላቅ እህት ያለውም የሌለውም እትዬ ነበር የሚላት። በዕድሜ የሚበልጣትም እትዬ ነበር የሚላት። እኔ ራሴ እበልጣታለሁ። እትዬ ስላት "አንተ ሽማግሌ፣ አታፍርም?" ትለኝ ነበር። አላፍርም ነበር። ዛሬም አላፍርም።

ከሩቅ ለመጣችሁት ቤቷን ልንገራችሁ። ቀድሞ ቢራ ፋብሪካ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ መስኮቱ ላይ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥበታል፣ ያን ያህል ወፍራም ነው። ጭስ ከተወ ዘመን ያለፈው ረዥም ጭስ ማውጫ አለው፤ አሁን ወፎች ይኖሩበታል። አዳራሹ መሀል ላይ ያ ሆዳሙ የመዳብ ጋን እንደተቀመጠ አለ። ጠረጴዛዎቹ እሱን ከበው ነው የሚቆሙት። ወለሉ ደግሞ ዘንበል ያለ ነው፤ ድሮ ሲታጠብ ውሃው ወደ ቱቦው እንዲወርድ ብለው የሠሩት። ስለዚህ እዚያ ቤት እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን የሌለው ጠረጴዛ የለም። "እዚህ ሰው ሳይጠጣም ይንገዳገዳል" ትል ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ግድግዳው የብቅል ሽታ ያወጣል። ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ድንጋዩ ግን አልረሳም።

ከመዳቡ ጋን ጀርባ የብረት በር አለ። ወደ ምድር ቤት የሚያወርድ። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ በር ነው። ሌላ ሌላውን ብዘባርቅ እትዬን አላወቅኋትም ማለት ነው።

በወጣትነቷ እዚያው ፋብሪካ ጠርሙስ አጣቢ ነበረች። ባሏ ደግሞ ምድር ቤት፣ ቢራው የሚፈላበት ነበር የሚሠራው። ረዥም ሰው ነበር፤ በዚያ በር ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነው። ቢራ ሲፈላ የሚተነፍሰው ነገር አለ። አይታይም። ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ አይወጣም፣ ታች ይተኛል። መውጫ ካጣ ምድር ቤቱን እንደ ውሃ ይሞላዋል። እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ምን እንደነካው ሳያውቅ ጉልበቱ ይከዳዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የባሏ ጓደኛ ታች ወደቀ። ባሏ ሊያወጣው ወረደ። አልተመለሰም። ባሏን ሊያወጣ ሌላ ወረደ። እሱም አልተመለሰም። በዚያ ቀን ከአንድ በር ሦስት ሬሳ ወጣ። እንግዲህ እትዬን ያኔ አስቧት። አዲስ ሙሽራ ናት። እጇ ላይ የጠርሙስ ማጠቢያው አረፋ አልደረቀም።

ፋብሪካው እያደር ተዘጋ። ማሽኑ ተነቅሎ ሄደ። አዳራሹን ማን ተከራየው? እትዬ። ምን ልትሠራበት? ቢራ ልትሸጥበት። ሰው ጉድ አለ። "ባሏ በሞተበት ቤት!" ተባለ። ያላችሁት እዚህ አላችሁ፤ እኔም ካሉት አንዱ ነኝ። ሰው ከዚህ ዓይነት ቤት ይሸሻል እንጂ ይከራየዋል? አንድ ቀን ጠየቅኋት። "እትዬ፣ ለምን ሌላ ቦታ አትሄጂም?"

"የት ልሂድ? እሱ ያለው እዚህ ነው" አለችኝ። ብርጭቆዋን መወልወል ቀጠለች። በዚያው አበቃ።

ያ ቤት ድምፅ አለው። ታውቁታላችሁ። ቀኑ መብረድ ሲጀምር ግድግዳው ውስጥ ያለው አሮጌ ቧንቧ ይንኳኳል። ቋ፣ ቋ፣ ከዚያ ዝም። እንግዳ የሆነ ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ ያዳምጣል። እኛ የለመድነው እንስቅበታለን። እሷ አትስቅም። የምትቀዳውን ታቆማለች። ድምፁ እስኪያልፍ እጇን አታንቀሳቅስም።

"ቧንቧ እኮ ነው እትዬ" እላታለሁ።

"ቧንቧ መሆኑን አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ትቆሚያለሽ?"

"ምናልባት ካልሆነ ብዬ።"

ሰዎች፣ እኔ በመናፍስት አላምንም። ግን እንዲህ ካለችኝ ቀን ጀምሮ እኔም መቆም ጀመርኩ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጠማቂ መጣ። ወጣት ነው፣ ትጉህ ነው፣ ክፋት የሚባል የለበትም። በአሮጌው ፋብሪካ እንደገና ቢራ ሊጠመቅ ነው ተብሎ ሰፈሩ ደስ አለው። የሕንፃው ባለቤት ምድር ቤቱን አከራየው። ነገር ግን ባለቤቱ ሕንፃውን ሲያሳምር በመንገድ በኩል ያሉትን የአየር መውጫዎች በጡብ ደፍኗቸው ነበር። እትዬ ለባለቤቱ ነገረችው። ለጠማቂው ነገረችው። "ምድር ቤቱ ይተንፍስ፣ ክፈቱት" አለች። "ይከፈታል እትዬ፣ ይከፈታል" አሏት። ይከፈታል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አሁን ስለ አንድ ሰው እናገራለሁ። እዚህ መካከላችን ቆሟል፤ ሳጥኗን ከተሸከሙት አንዱ ነው። የቧንቧ ሠራተኛችን። ትናንት ሄጄ ጠየቅሁት። "ልናገር ወይስ ልተወው?" አልኩት። "ተናገር" አለኝ፤ "ሁሉንም ተናገር፤ ግማሹን ከተናገርክ እሷን ዋሽተህባታል" አለኝ። ስለዚህ እናገራለሁ።

እሱና ታናሽ ወንድሙ አብረው ነበር የሚሠሩት። ታናሹን ታስታውሱታላችሁ፤ ያ ሲሠራ የሚያፏጨው። ፉጨቱ ከሱ ቀድሞ ነበር የሚደርሰው። የምድር ቤቱ ፓምፕ ተበላሽቶ ተጠርተው መጡ። ታላቁ ውጭ ዕቃ ያወርዳል። ታናሹ "ቀድሜ ልየው" ብሎ በዚያ በር ገባ። እኔ እትዬ ጋ አዳራሹ ውስጥ ምሳዬን እበላ ነበር። ፉጨቱን ሰማነው፤ ደረጃውን እየወረደ። ደስ የሚል ዜማ ነበር። ከዚያ ተቋረጠ።

"ጋሼ!" አለ። አንዴ ብቻ። ቀጥሎ መፍቻው ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ ሰማን።

ያን ቃል የሰማን ሁሉ እስከ ዛሬ አብረነው ነው የምንኖረው። እኔ አንዳንዴ የሰው ጸጉር እየቆረጥኩ ይሰማኛል። መቀሱን አቆማለሁ። ደንበኛው "ምነው?" ሲለኝ መቀሱን እንደገና አነሳለሁ።

ታላቁ ሮጠ። ማን ቀደመው? እትዬ። ያቺ ቀጭን ሴት ከየት እንደደረሰች ማናችንም አላየንም። ሁለት እጇን ዘርግታ የበሩን መቃን ግራና ቀኝ ያዘች።

"አትገባም!"

"ወንድሜ ነው!"

"አውቃለሁ። አትገባም!"

"እትዬ ልቀቂኝ! እየጠራኝ ነው!"

"ሰምቻለሁ። አትገባም! ሻማ አምጡ፣ ሻማ!"

እኛም ተነስተናል። እኛም ልንወርድ ነው። ወጣት ልጅ ታች ወድቆ ማን ይቀመጣል? ሻማ ለኩሼ በገመድ አስሬ በክንዷ ሥር ወደ ታች ለቀቅሁት። ጥቂት ደረጃ እንደወረደ ጠፋ። ንፋስ የለም፣ ምንም የለም። ዝም ብሎ ጠፋ። ሁላችንም አየነው። "አያችሁ?" አለች። "አያችሁ? በመንገድ በኩል ጡቡን አፍርሱ! ሩጡ!"

ሮጥን። በመዶሻ፣ በብረት ዘንግ፣ በእግራችን አፈረስን። የሱቄን ቬንቲሌተር ነቅዬ አመጣሁ። ጠማቂው ልጅ በጣቱ ሳይቀር ይቆፍር ነበር፤ ጥፍሩ ደምቷል። አየር ገባ። ወረድን። ስናወጣው ፊቱ ላይ አንድም ነገር የለም። ሰው ለደቂቃ ጋደም ያለ ነው የሚመስለው። ግን ረፍዶ ነበር።

እሷስ? ያን ሁሉ ጊዜ በሩን አልለቀቀችም። የቧንቧ ሠራተኛችን ገፋት። መታት። እጇን ከመቃኑ ሊያላቅቅ ጠመዘዘው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። አልለቀቀችም። ሐኪሙ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲላት "ወድቄ ነው" አለችው። አጥንቱ ጠምሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ በግራ እጇ ነበር የምትቀዳው፤ ለምን እንደሆነ ያላወቃችሁ እንግዲህ ዛሬ እወቁ።

ቢወርድ ኖሮስ? ወንድሙን ይዞት ይወጣ ነበር? ወይስ እናታቸው በአንድ ቀን ሁለት ልጅ ይቀብሩ ነበር? ማን ያውቃል? ሰፈሩ ያውቅ ነበር! ሰፈር የማያውቀው ነገር አለ? ግማሹ "አተረፈችው" አለ። ግማሹ "አስገደለችው" አለ። "ባሏ የሞተበትን በር ሌላ ሰው እንዲሞትበት ጠበቀችው" ያለም አለ። አዳራሹ ባዶ ሆነ። እሷ ግን በየጠዋቱ ደጇን ትጠርጋለች። "አደርክ?" ትለኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናታቸው መጡ። እማማ፣ እዚህ ተቀምጠዋል። ይቅርታዎን። እኔና እትዬ ብቻ ነበርን አዳራሹ ውስጥ። እማማ በዚያ ዘንበል ባለ ወለል ላይ ቀስ ብለው መጥተው ፊቷ ቆሙ።

"አንቺ ነሽ በሩን የያዝሽው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ሲጣራ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሰምተሽ ያዝሽው።"

"ሰምቼ ያዝኩት።"

እማማ እጃቸውን አነሱ። ሊመቷት ነው ብዬ ተነሳሁ። እትዬ አልሸሸችም። ፊቷንም አላዞረችም። ይልቁንስ ተናገረች። እንዲህ አለች፤

"እማማ፣ ያኔ ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፈርቶ ነበር። ጓደኛው ታች ወድቋል። ዞሮ እኔን አየኝ። ልውረድ ወይስ ልቅር ብሎ ነው ዓይኔን ያየው። 'ምን ትጠብቃለህ? ድረስለት!' አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ባልል ኖሮ አይወርድም ነበር። ወረደ።"

ሰዎች፣ ስንት ዓመት ፊት ለፊቷ ኖሬያለሁ። ይህን አላውቅም ነበር። ለማንም አልተናገረችውም ነበር።

የእማማ እጅ ወረደ። ወንበር ሳቡ። ተቀመጡ። ከዚያ እማማ ጠየቁ።

"በሕልምሽ ይመጣል?"

"ይመጣል።"

"ምን ይልሻል?"

"ምንም። በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። መልስ ይጠብቃል። 'አትውረድ' እለዋለሁ። በመጣ ቁጥር 'አትውረድ' እለዋለሁ። አይሰማኝም። ይወርዳል።"

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የኔው ልጅ ወደ እኔ አልመጣም" አሉ። "እየጠበቅሁት ነው፤ አልመጣም። መጨረሻ ላይ እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ምናልባት አንቺ ጋ ይመጣ ይሆናል። ከመጣ ንገሪኝ።"

ይቅርታ አልተባባሉም። አልተቃቀፉም። እማማ ተነስተው ሄዱ። ግን በሳምንቱ ተመለሱ። በሚቀጥለውም። ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አንድ ለስላሳ ይከፈትላቸዋል። "መጣ?" ይላሉ። "አልመጣም፣ እማማ" ትላለች። ለስላሳቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። ዓመት ከዓመት ይኸው ነበር። "መጣ?" "አልመጣም።"

እኔ አላስቻለኝም። አንድ ቀን እማማ ከወጡ በኋላ ገብቼ ተቆጣኋት። "ምን አለበት 'መጣ፣ ደህና ነኝ ብሎዎታል' ብትያቸው? ማንን ይጎዳል? አሮጊት ናቸው እኮ!"

አየችኝ። "እኔ ቢራ ነው የምቀዳው" አለችኝ። "ውሸት አልቀዳም። ለእናት ደግሞ በልጇ!"

የቧንቧ ሠራተኛችን ግን አልገባም። እናቱን ያመጣቸዋል፤ እሱ መንገዱን ተሻግሮ እኔ ሱቅ ይቀመጣል። ጸጉሩን እቆርጠዋለሁ። የሚቆረጥ ጸጉር ባይኖረውም እቆርጠዋለሁ። እሱ መስታወቱን ያያል፤ ፊቱን አይደለም የሚያየው። በመስታወቱ ውስጥ የሷ ደጅ ይታያል። እሱን ነው የሚያየው። አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ሽበት አብቅሎም ያንኑ ያይ ነበር።

ታዲያ አንድ የዝናብ ወራት የአዳራሹ ቧንቧ ፈነዳ። ውሃ በውሃ ሆነ። ካርቶኖቹ እየዋኙ በደጅ ወጡ። ከሌላ ሰፈር የተጠሩት ሠራተኞች ደጁ ድረስ መጥተው "ይሄ ያ ቤት ነው እንዴ?" ብለው ተመለሱ። ሙያተኛ ሁሉ መንፈስ ይፈራል፤ ሒሳብ ሲጠይቅ ነው ደፋር የሚሆነው። ምን ላድርግ ስል የቧንቧ ሠራተኛችን ከወንበሬ ተነሳ። ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ መንገዱን ተሻገረ። ገባ። ተንበርክኮ ሠራ። ሲጨርስ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ድራፍት ቀዳችለት። በግራ እጇ። አስቀመጠችለት። ቀኝ እጇን አየ።

"ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ?" አላት።

"በሩ ነው" አለችው።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"ጠይቀኝ።"

"ያን ቀን ባትይዢኝ ኖሮ አወጣው ነበር?"

ውሸት የማትቀዳ ሴት ምን ትመልሳለች? እኔ ተከትዬው መጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

"አላውቅም" አለችው። "አላውቅም ልጄ። በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ። የማውቀው አሁን እዚህ መቀመጥህን ነው።"

ቢራውን ጠጣ። እየጠጣ አለቀሰ። እሷ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። ከዚያ ወዲያ ደንበኛዋ ሆነ፤ ልጆቹም እትዬ ማለት ለመዱ።

ስትታመም ፎቅ ላይ፣ ድሮ ብቅል የሚከማችበት ክፍሏ ውስጥ ተኛች። ባለፈው ሳምንት ጎኗ ነበርን። እኔ፣ የቧንቧ ሠራተኛችን፣ እማማ። እማማ ያን ሁሉ ደረጃ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወጡ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መጠየቃቸው አልቀረም።

"መጣ?"

"አልመጣም፣ እማማ። ያሳዝነኛል።"

"ተይው" አሉ እማማ። ያችን የጠመመች እጇን ያዙ። "አሁንማ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ስታገኚው የምትነግሪልኝ አለኝ።"

"ምን ልበለው?"

እማማ ቀና ብለው በሩ አጠገብ የቆመውን ትልቁን ልጃቸውን አዩ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። እኔ ነኝ የማውቀው።

"'ጋሼን አትጠብቅ' በይልኝ" አሉ። "'ገና ነው፤ ልጆች አሉት። እትዬ አቆይታልን ነው፤ እንዳትቀየማት' በይልኝ። 'ይህን ያለችው እናትህ ናት' በይው።"

እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። "እነግረዋለሁ" አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረችም።

እንግዲህ ሰዎች፣ የማውቀውን ነገርኳችሁ። ጀግና ነበረች አልላችሁም፤ እንዲህ ስል ብትሰማኝ ትቆጣኝ ነበር። ፈርታ ኖራለች። ተጠልታ ኖራለች። አንድ ጊዜ ድረስለት ብላ፣ አንድ ጊዜ አትገባም ብላ፣ ሁለቱንም ተሸክማ ኖራለች። ከሁለቱ የቱ ልክ እንደነበረ ሳይነገራት ሄደች። እዚህ ካለነው ማን ሊነግራት ይችል ነበር?

እትዬ፣ አሁን ላንቺ ነው የምናገረው። ባልሽን ብታገኚው ዝም ብሎ እንዳያይሽ። ዝም ካለ አንቺ ቅደሚና ተናገሪ። የሆድሽን ሁሉ ንገሪው፤ እዚያ ጊዜ አለ ይባላል። ያንን ፉጨተኛ ልጅ ደግሞ ፈልጊው። አይጠፋሽም፤ በፉጨቱ ታገኚዋለሽ። እናቱ የላኩትን አንድ ቃል ሳታጎድይ ንገሪው።

ና ልጄ፣ የቧንቧ ሠራተኛችን፣ ወዲህ ቅረብ። የመጀመሪያውን አፈር አንተ ጨምር። ቀስ ብለህ።

ደህና ሁኚ እትዬ። አደራሽን።